የኮሪ ቴን ቡም ቤት፣ ሃርለም፦ ይቅር ማለት ለከበደው ክርስቲያን የምመክረው ጉብኝት

በኔዘርላንድ፣ በሃርለም ከተማ፣ ከታላቁ የገበያ አደባባይ በሚነሣው የባርቴልዮሪስ ጎዳና፣ በቁጥር 19፣ ታችኛው ፎቁ ዛሬም የሰዓትና የጌጣጌጥ መደብር የሆነ አንድ ጠባብና አሮጌ ቤት አለ። ከመደብሩ በላይ ያሉት ክፍሎች ከ1988 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሙዚየም ናቸው፤ ስሙም የኮሪ ቴን ቡም ቤት ይባላል፤ ኮሪ በናዚዎች ዘመን ከቤተሰቧ ጋር በዚህ ቤት አይሁድን የሸሸገች ክርስቲያን ሴት ናት። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአምስተርዳም በባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚያስኬድ፣ በዚያ በኩል የሚያልፍ አማኝ ሁሉ ግማሽ ቀን መድቦ እንዲያየው እመክራለሁ። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚበልጡ ትልልቅ ሙዚየሞችን በአውሮፓ ያገኛል። የበደለውን፣ የከዳውን ወይም በየቀኑ የሚያስመርረውን ሰው እንዴት መውደድ እንደሚችል ግራ የገባው ክርስቲያን ግን፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኝም።

መግቢያው በጎን ካለው ቀጭን መተላለፊያ በኩል ነው። መግባት የሚቻለው በተወሰነ ሰዓት፣ በአስጎብኚ መሪነትና በትንሽ ቡድን ስለሆነ፣ አስቀድሞ በድረ ገጹ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። የወደደ ሰው ሲወጣ ስጦታ ይሰጣል። ጎብኚዎች መጀመሪያ የሚገቡት ወደ ቤተሰቡ ሳሎን ነው፤ እዚያም ወንበር ይዘው ተቀምጠው ታሪኩን ከአስጎብኚው አፍ ይሰማሉ። ይህን አሠራር ወድጄዋለሁ። በመስታወት ውስጥ የተደረደረ ዕቃ እያዩና ጽሑፍ እያነበቡ ከማለፍ ይልቅ፣ ያ ቤተሰብ በተቀመጠበት ክፍል ተቀምጦ ሰው ሲናገር መስማት፣ ታሪኩ በሰዎች ላይ የደረሰ መሆኑን እንዳይረሱ ያደርጋል። አስጎብኚዎቹ በአብዛኛው በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ ምእመናን ሲሆኑ፣ የሚናገሩትን የሚያምኑ መሆናቸው ከአነጋገራቸው ይታወቃል።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1837 ነው። በዚያ ዓመት የኮሪ አያት ቪለም ቴን ቡም በዚህ ቤት የሰዓት መደብር ከፈቱ፤ በ1844 ደግሞ ስለ አይሁድ ሕዝብና ስለ ኢየሩሳሌም ሰላም የሚጸለይበት ሳምንታዊ የጸሎት ጉባኤ ጀመሩ። ልጃቸው ካስፐር ሁለቱንም ወረሱ። የካስፐር ልጅ ኮሪ በ1892 ተወልዳ የአባቷን ሙያ ተማረች፤ በ1922ም በኔዘርላንድ የሰዓት ሠሪነት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ናዚዎች በግንቦት 1940 አገሪቱን ሲይዙ ኮሪ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ ከታላቅ እኅቷ ከቤትሲና ከአረጋዊ አባቷ ጋር ጸጥ ያለ ኑሮ ትኖር ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቱ የሚታደኑ አይሁድና ለናዚ አንሠራም ያሉ ወጣቶች የሚሸሸጉበት፣ ከዚያም ወደ ሌላ ቦታ የሚተላለፉበት ሆነ። ኔዘርላንድ ውስጥ ይኖሩ ከነበሩት 140,000 ያህል አይሁድ ከ100,000 የሚበልጡት ተገድለዋልና፣ በዚያ ዘመን በር መክፈት በራስና በቤተሰብ ሕይወት መፍረድ ነበር።

ከሳሎኑ በኋላ ጠመዝማዛውንና ቀጭኑን ደረጃ ይወጣሉ። የመጨረሻው ክፍል የኮሪ መኝታ ቤት ነው። ከአልጋው ማዶ ካለው ግድግዳ ፊት ሌላ የጡብ ግድግዳ ተገንብቶ፣ በሁለቱ መካከል ስፋቱ ከአንድ ሜትር የሚያንስ መደበቂያ ተሠርቷል። ግንበኞቹ ጡቡንና መሣሪያውን በቦርሳና በጋዜጣ ጥቅል ሸሽገው ነበር የሚያስገቡት። መግቢያው በልብስ መደርደሪያው ታችኛው እርከን ሥር ያለ ተንሸራታች ሰሌዳ ነው፤ ሰው በደረቱ እየተሳበ ይገባል። ዛሬ ጎብኚው ውስጡን እንዲያይ ከግድግዳው ጥቂት ተቆርጦ ተከፍቷል። በየካቲት 28 ቀን 1944 ጌስታፖ (የናዚዎች ምስጢራዊ ፖሊስ) ቤቱን በወረረ ጊዜ፣ አራት አይሁድና ሁለት የኔዘርላንድ አርበኞች እዚያ ውስጥ ያለ ውኃና በእጅግ ጥቂት ምግብ 47 ሰዓት ቆይተው፣ በወራሪዎቹ ሳይገኙ ወጥተዋል። በዚያ ክፍት በኩል ገብቶ መቆም ይቻላል፤ ልጆች ይህን ይወዱታል፤ አዋቂዎች ግን ብዙውን ጊዜ ገብተው ቶሎ ይወጣሉ።

አብዛኛው ጎብኚ የሚያስታውሰው ይህን መደበቂያ ነው። እኔ ግን ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ ወረራው እንዴት እንደ መጣና ከእርሱ በኋላ በኮሪ ልብ ውስጥ የሆነው ነገር ነው። በዚያን ቀን ጠዋት አንድ የማይታወቅ ሰው ወደ መደብሩ መጥቶ፣ አይሁድን በመርዳቷ የታሰረች ሚስቱን ለማስፈታት ለፖሊስ የሚሰጥ 600 ጊልደር (የያኔው የኔዘርላንድ ገንዘብ) እንደሚያስፈልገው ለመነ። ኮሪ በጉንፋን ታምማ ከተኛችበት ተነሥታ አነጋገረችው፤ ገንዘቡም እንዲሰጠው አደረገች። ሰውየው ለናዚዎች የሚሠራ ጠቋሚ ነበር። ቤቱ የተከዳው እንግዲህ በቸርነቱ በኩል ነው። አባቷ ካስፐር በ84 ዓመታቸው ተይዘው፣ ከአሥር ቀን እስራት በኋላ ልጆቻቸው በሌሉበት ሞቱ። በደል ሲደርስብን ከሁሉ ይልቅ የሚያቆስለን በደግነታችን በኩል የገባ በደል መሆኑን በቤተሰብም በቤተ ክርስቲያንም ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ፣ ይህን ክፍል አስጎብኚው ሲተርክ በክፍሉ ያለው ሰው ፊት ሲለዋወጥ ማየት ይቻላል።

ኮሪና ቤትሲ ከስኬቬኒንገን እስር ቤት ወደ ፉኽት ካምፕ በተወሰዱ ጊዜ የጠቋሚውን ስም ሰሙ፤ ያን ቮግል ይባል ነበር። ኮሪ ይህ ሰው በፊቷ ቢቆም ልትገድለው እንደምትችል ተሰምቷት እንደ ነበር ራሷ ተናግራለች፤ ለቀናት መጸለይም መሥራትም አቃታት። ከጎኗ የምትተኛው ቤትሲ ግን በአባታቸው ሞት ያው ኀዘን፣ በዚያው ካምፕ ያው መከራ ያለባት ሆና ሳለ፣ ስሙ ትዝ ባላት ቁጥር ስለ ሰውየው ትጸልይ ነበር፤ ምን ያህል እየተሠቃየ ይሆን ብላ ታዝንለት ነበር። ኮሪ በዚያ ሌሊት ያስተዋለችው ነገር ለእኔ የጉብኝቱ እምብርት ነው። ሰውየውን በልቧና በአንደበቷ ገድላዋለችና፣ እርሷና እርሱ በእግዚአብሔር ፊት በአንድ የነፍስ ግድያ ክስ እንደ ቆሙ ገባት። የእርሱን በደል አላቀለለችም፤ የራሷን ግን አየች። ይቅር ብላው ጸልያ ያን ሌሊት ተኛች። ከጦርነቱ በኋላ የሞት ቅጣት ለተፈረደበት ለዚያው ሰው፣ ይቅር እንዳለችውና ኢየሱስም እንደሚቀበለው የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፋለታለች።

ከፉኽት ቀጥሎ ያለው ከበርሊን በስተ ሰሜን የሚገኘው የሴቶች ማጎሪያ ካምፕ፣ ራቨንስብሩክ ነው። ከዚያ ጊዜ ከሚተረከው ሁሉ አንድ ታሪክ እመርጣለሁ። አንዲት ጠባቂ አቅም ያጣች እስረኛ ስትደበድብ እኅትማማቾቹ ያያሉ። ኮሪ ከጦርነቱ በኋላ ለእነዚህ ሰዎች ቤት ሠርተን ብንንከባከባቸው ትላለች፤ ቤትሲም ፍቅር እንደሚበልጥ እንድናሳያቸው ዕለት ዕለት እጸልያለሁ ብላ ትመልሳለች። ኮሪ ቆይታ እንደ ተረዳችው፣ እርሷ የተናገረችው ስለ ተደብዳቢዎቹ ሲሆን ቤትሲ የተናገረችው ስለ ደብዳቢዎቹ ነበር። ቤትሲ ታኅሣሥ 16 ቀን 1944 በካምፑ ሞተች። ኮሪ በዚያው ወር መጨረሻ ተፈታች፤ መፈታቷ በጽሕፈት ስሕተት የሆነ እንደ ነበር በኋላ አውቃለች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራዋን ጎብኚው በጥሞና እንዲሰማ አሳስባለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስለ ይቅርታ ሲናገር በስሜት ጀምሮ በስሜት ይጨርሳል። ኮሪ በ1945 በሃርለም አቅራቢያ በብሉመንዳል ከካምፕ ለተመለሱና ከመደበቂያ ለወጡ ሰዎች ማገገሚያ ቤት ከፈተች። ከዚያም በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የተጠሉትን፣ ከናዚዎች ጋር ተባብረው የነበሩትንና ከጦርነቱ በኋላ ሥራም ቤትም ያጡትን ኔዘርላንዳውያን በዚሁ በባርቴልዮሪስ ጎዳና ባለው ቤት አስጠጋች። ጠቋሚ ገብቶ አባቷን ያስገደለበትን ቤት ለጠቋሚዎች ወገን መኖሪያ አደረገችው ማለት ነው። በብሉመንዳል ያሉት ተጎጂዎች ይህን ወዲያው አልተቀበሉትም፤ ማንም አላስገደዳቸውም። ከጊዜ በኋላ ግን ከመካከላቸው አንዱ፣ እነዚያ ሰዎች ከአትክልት ቦታችን ካሮት ቢላክላቸው ይወዱ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ኮሪ ለአንድ ሰው የመዳን ምልክት አድርጋ የምትጠብቀው ይህን የመሰለ ጥያቄ ነበር። በጀርመንም በዳርምሽታት የነበረ የማጎሪያ ካምፕ ታድሶ የስደተኞች መጠለያ እንዲሆን አገልግላለች። ፍቅር ዳቦና ጣሪያ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ይህ ቤት በዚህ ረገድ ከብዙ ስብከት ይልቅ አስተምሮኛል።

የሙኒኩን ታሪክ ብዙ አማኞች ያውቁታል፤ ቢሆንም በዚያ ሳሎን ሲሰማ ሌላ ነው። በ1947 ኮሪ በሙኒክ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ስለ እግዚአብሔር ይቅርታ አስተምራ ስትጨርስ፣ በራቨንስብሩክ ጠባቂ የነበረ ሰው ወደ እርሷ መጣ። እርሷ አወቀችው፤ እርሱ አላወቃትም። ክርስቲያን መሆኑን ነግሯት ይቅር ትለው ዘንድ ጠይቆ እጁን ዘረጋ። ስለ ይቅርታ ገና አሁን ያስተማረችው ሴት እጇን ማንሣት አቃታት፤ በቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ትፈትሽ ጀመር። በልቧ ከቅዝቃዜ በቀር ምንም አልነበረም። ጌታ ሆይ፣ እጄን ማንሣት እችላለሁ፣ ስሜቱን ግን አንተ ስጠኝ ብላ ጸለየች፤ እጇንም እንደ እንጨት ዘረጋች። ፍቅሩ የመጣው እጇ ከተዘረጋ በኋላ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 5፥5 «በተሰጠንም በመንፈስ ቅዱስ የእግዚአብሔር ፍቅር በልባችን ስለ ፈሰሰ» ያለውን የተረዳችው በዚያ እንደ ነበር መስክራለች። «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለውን ትእዛዝ ስንሰማ ብዙዎቻችን ልባችን እስኪሞቅ እንጠብቃለን፤ ሳይሞቅልንም ዓመታት ያልፋሉ። ትእዛዙ የተሰጠው ግን ለፈቃዳችን ስለሆነ፣ ሰላምታ መስጠት፣ ስሙን ጠርቶ መጸለይ፣ ሲታመም መጠየቅ፣ ልባችን ገና ቀዝቃዛ ሳለ ልናደርጋቸው የምንችላቸው ናቸው።

በጀርመን ጠባቂ ፊት ድል ያደረገች ሴት ከዚያ በኋላ ይቅር ማለት ቀላል ሆኖላታል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ የቀረው ሕይወቷ እንዲህ አልነበረም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የምትወዳቸውና የምታምናቸው ክርስቲያን ወዳጆቿ በደሏት፤ ኮሪም የበደላቸውን ማስረጃ በጽሑፍ አስቀምጣ እንደ ኖረች፣ ኋላም አንድ ሰው ሲገሥጻት ደብዳቤዎቹን እንዳቃጠለች ራሷ ተርካለች። እንቅልፍ ነሥቷት ሳለ አንድ ቄስ የነገራትንም ታስተላልፋለች፦ የደወሉን ገመድ የሚስበው ሰው ገመዱን ቢለቅም ደወሉ ወዲያው ዝም አይልም፤ ድምፁ እየራቀና እየቀነሰ ቆይቶ ነው የሚቆመው። ይቅር ካልን በኋላ የሚመላለስብን ቁጣም እንዲሁ ነው፤ ገመዱን መልሰን እስካልያዝን ድረስ ይቆማል። ይህ ለእኛ ብዙ ይጠቅመናል። በስደት ባሉ ማኅበሮቻችን ውስጥ በአንድ ቅጥር እየጸለዩ ለዓመታት የማይነጋገሩ ሰዎችን አይቻለሁ፤ አብዛኞቹን የለያያቸው ነገር ከካምፕ ጠባቂ በደል ጋር የሚመዛዘን አልነበረም፤ ነገር ግን የበደላቸው ሰው ወንድም ስለነበረ ከጠላት ይልቅ ከበዳቸው። ከመካከላቸው «ይቅር ለእግዚአብሔር» የተባባሉም ነበሩ፤ ቁጣው በማግሥቱ ሲመለስባቸው ይቅርታችን ውሸት ነበር ብለው ተስፋ ቆረጡ። የደወሉን ነገር ቀድመው ሰምተው ቢሆን ምንኛ መልካም ነበር።

አንድ ጥንቃቄ ማከል ግዴታዬ ይመስለኛል፤ እንዲህ ያለ ታሪክ በተሳሳተ እጅ ሲገባ የተበደለውን ዝም ለማሰኘት ይውላልና። ባሏ የሚደበድባት ሴት ወደ ሽማግሌዎች በመጣች ጊዜ፣ «ቻይው፣ ይቅር በይው» ተብላ ወደ ዱላው እንድትመለስ መደረጓን በአገራችን ያልሰማ የለም። የኮሪ ታሪክ ለዚህ ድጋፍ አይሆንም። ይቅር ያለችው ጠቋሚ በፍርድ ቤት ፊት ቆሞ ተፈርዶበታል፤ ይቅር በማለቷም ፍርዱ እንዲቀር አልጠየቀችም። ወደ እርሷ የመጣው ጠባቂ ደግሞ በደሉን ተናግሮ ይቅርታ ለምኗል። በሌላ በኩል፣ አንድ አይሁዳዊ ጎብኚ በዚያ ሳሎን ተቀምጦ፣ በናዚዎች ስለ ተገደሉት ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ይቅር የማለት ሥልጣን ማን ሰጣት ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሚከበር ነው። እኔ እንደምረዳው ኮሪ ይቅር ያለችው በእርሷና በቤቷ የተደረገውን ነው፤ በሌላው ሰው ሙት ላይ አልተናገረችም። በኢየሩሳሌም ያለው የአይሁድ እልቂት መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም በ1967 ከጻድቃን አሕዛብ (አይሁድን ካዳኑ አይሁድ ያልሆኑ ሰዎች) መካከል ስሟን የጻፈውም ሰዎችን ስላዳነች ነው። እንግዲህ ወደዚህ ቤት ይዛችሁት የምትሄዱት ሰው የቅርብ ጊዜ በደል የደረሰበት ከሆነ፣ መጀመሪያ ቁስሉን ስሙለት፤ ወደ ሃርለም የሚወሰድበት ጊዜ ሌላ ነው።

እንደ ጉብኝት ስመዝነው፣ አንድ ሰዓት ያህል ለዚህ ሁሉ ታሪክ አይበቃም፤ በተለይ ከ1945 በኋላ ላለው ዘመን። ስለዚህ ከመሄድ በፊት የኮሪን ታሪክ በንባብ ተዘጋጅቶ መሄድ ይጠቅማል፤ በ1971 የታተመው መጽሐፏ በብዙ ቋንቋዎች ይገኛል። ጉብኝቱ የሚሰጠው በዋናነት በደችና በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ወላጆቻችሁን ወይም አዲስ የመጡ ወገኖችን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቀስ ብሎ የሚተረጉም ሰው አብሯችሁ ቢሆን መልካም ነው። ደረጃው ጠመዝማዛና ጠባብ ስለሆነ ጉልበት ለሚያማቸው እናቶችና አባቶች ይከብዳል፤ እነርሱ የሳሎኑን ትረካ ሰምተው ቢመለሱ እንኳ የዋናውን ነገር ትልቅ ክፍል አግኝተዋል። ልጆች ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ከዚያ በታች ያሉት መደበቂያውን ይወዱታል፣ ስለ ካምፑ የሚነገረው ግን ይከብዳቸዋል። የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ቡድን ለመውሰድ የምታስቡ አገልጋዮች ቦታው በቶሎ ስለሚያዝ ሳምንታት ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከጉብኝቱ በኋላም ቀጥታ ወደ ባቡር አትሩጡ። አደባባዩ ላይ ካለው ከታላቁ የቅዱስ ባቮ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀምጦ ለመነጋገር የሚሆን ቦታ አይጠፋም፤ ወጣቶቹ ጥያቄ የሚያነሡት በዚያ ጊዜ ነው። በአገር ቤት ወይም በዐረብ አገሮች ያላችሁና ወደ ሃርለም መምጣት የማትችሉ ደግሞ፣ ሙዚየሙ በድረ ገጹ ላይ ክፍሎቹን አንድ በአንድ የሚያሳይ ጉብኝት ስላዘጋጀ፣ በስልካችሁ ከፍታችሁ ሳሎኑንም መኝታ ቤቱንም በነፃ ማየት ትችላላችሁ።